ጋሼ ቀስበሉ ድልድዩን የተሻገሩበት ቀን

አጎቴ ወንበር ላይ ቆመው አምፖል መቀየር አይችሉም ነበር። አምፖል ሲቃጠል ባለቤታቸው እትዬ ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ትወጣለች። እሳቸው ደግሞ የጠረጴዛውን እግር በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

"ወረድሽ?" ይላሉ በየመሐሉ።

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ገና መች ወጣሁና!" ትላቸዋለች።

እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያደግሁት እነሱ ቤት ነው። እትዬን እንደ እናት "አንቺ" እላታለሁ፣ እሳቸውን ግን እንደ ሁሉም ሰው "ጋሼ" እና "አንቱ" ነው የምላቸው። እኚሁ አምፖል የሚያስፈራቸው ሰው ናቸው እንግዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ በዚያ ገደል ላይ የሚያልፈውን የባቡር መስመር ያስተዳደሩት።

መስመሩ አጭር ነው። ከከተማችን ጣቢያ ይነሳና በእህል መጋዘኖቹ ጀርባ አልፎ፣ ኮረብታውን ዞሮ ይወርዳል። ከዚያ ድልድዩ ይመጣል። ከድልድዩ ወዲያ ሌላ አገር ነው። እኛ ግን "ሌላ አገር" አንለውም፤ "ማዶ" ነው የምንለው። ማዶ ያገባ አለ፣ ማዶ የሚነግድ አለ፣ ማዶ ተበድሮ ወዲህ የጠፋ አለ። ቋንቋው አንድ ነው፤ ሐሜቱም አንድ ነው።

ድልድዩን ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ጠዋት ጠዋት ገደሉ በጉም ይሞላና ባቡሩ ደመና ላይ የሚሄድ ይመስላል። ወንዙ ይሰማል እንጂ አይታይም። ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ ምነው ባልተገለጠ ያሰኛል፤ ዓይን ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ማረፊያ ያጣል። ከሐዲዱ ጎን ለጥገና ሠራተኞች የተሠራች፣ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ የብረት መረማመጃ አለች። መያዣዋ ሽቦ ነው፤ እሱም ቦታ ቦታ ላይ ዝጎ ተበጥሷል። እኔ ባቡሩ ላይ ቲኬት ቆራጭ ስለነበርኩ በድልድዩ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ሆኖም የመንኮራኩሩ ድምፅ አፈር ላይ ከሚያሰማው ተለውጦ ባዶ ሲሆን፣ ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ያቋርጥ ነበር። እኔም አቋርጣለሁ። ማንም ዝም በሉ ብሎን አያውቅም።

ጋሼ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ ነጂው መስኮት ሥር ይሄዱና "ድልድዩ ላይ ቀስ በሉ" ይላሉ። ሰው የእናት አባት ስማቸውን ረስቶ "ቀስበሉ" አላቸው። በኋላማ ራሳቸውም ስልክ ሲያነሱ "ቀስበሉ ነኝ" ማለት ጀመሩ። ባቡሩ ኮረብታውን ሲዞር ጀርባቸውን ለመስኮቱ ይሰጡና ስልኩ እስኪጮህ አንገታቸውን ቀብረው ይቀመጣሉ። የሚደውለው የማዶው ጣቢያ ሹም ነው። ሥራውን አብረው የተማሩ፣ ቀጭን ረጅም፣ ቀልደኛ ወዳጃቸው።

"ልጆችህ ደርሰዋል፤ ተንፍስ" ይላቸዋል።

የማዶው ሹም ብዙ ጊዜ ወደ እኛ ይመጣል። በመጣ ቁጥርም "ያንተ ተራ መቼ ነው?" ይላል።

"ጉልበቴ ሲሻለኝ።"

"ጉልበትህ ምን ሆነ?"

"ድልድይ ሲያይ ይታመማል።"

ቀልድ ይመስላል እንጂ አንጀት የሚበላ ነገር ነበረው። አንዲት ሴት ልጃቸው፣ እኔ እንደ እህቷ አብሬያት በአንድ አልጋ ያደግሁት፣ ማዶ አግብታ ወልዳለች። ጋሼ ቤቷን አይተው አያውቁም። እትዬ ደርሳ ስትመለስ "ሳሎኑ በየት በኩል ነው? መስኮቱ ፀሐይ ያገኛል? ልጆቹ የት ነው የሚተኙት?" እያሉ ያደርቋታል። የነገረቻቸውን መልሰው ይጠይቃሉ። ኋላ ኋላ እኔ እንኳ የዚያን ቤት ነገር ስረሳ እሳቸውን መጠየቅ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። ጠዋት ዳቦ የሚገዛ ገንዘብ ማታ ክብሪት የማይገዛበት ጊዜ። ባንኩ ዘጋ። አስተማሪዎቹ አትክልት ሊተክሉ ወደየዘመዳቸው ስለሄዱ ትምህርት ቤቱም ዘጋ። ዋና ከተማ ያለው መሥሪያ ቤታችን ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ቆይቶ መጥራቱንም ተወ። የናፍጣው መኪናም በዚያው ቀረ።

ጋሼ ሁላችንንም ሎኮሞቲቩ የሚያድርበት መጋዘን ውስጥ ሰበሰቡን። "ደሞዝ የለም" አሉ። "መቼ እንደሚመጣም አላውቅም። ዋናው መሥሪያ ቤት ይኑር አይኑርም አላውቅም። መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ቅር አይለኝም።"

ባቡር ነጂው፣ ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ጆሮው ውስጥ ጥጥ የማይጠፋ ግዙፍ ሰው፣ "እርስዎስ ጋሼ?" አላቸው።

"እኔማ የት እሄዳለሁ? መሄጃ ቢኖር ማዶ ነው። እሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።"

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ብዙዎቻችን እዚያው ቆመን ነበር። የሄዱም አሉ፤ አልተቀየምናቸውም። የቀረነው ለአንድ ሎኮሞቲቭና ለጥቂት ፉርጎዎች በቃን።

ከዚያ ወዲያ ቲኬት የምቆርጠው በሽንኩርት፣ በከሰል፣ በእንቁላል ሆነ። ጫማ ሰፊው የሁላችንንም ጫማ ሰፍቶ ይሳፈር ነበር። የጋሼ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ዶሮዎች ታስረው፣ እሳቸው ስልክ ሲያነጋግሩ ይጮኻሉ። "ስብሰባ ላይ ነህ እንዴ?" ይላቸዋል የማዶው ሹም። ናፍጣ ያገኘነው እሱ ከማዶ ስኳር ፋብሪካ ጋር ተነጋግሮ ነው፤ እኛ አገዳቸውን እናመላልሳለን፣ እነሱ የናፍጣ በርሜላችንን ይሞላሉ። የፍሬኑ ብረት ሲበላ አንጥረኛው ከአሮጌ ወፍጮ ብረት ቀጥቅጦ ሠራልን። መጀመሪያ በዚያ ፍሬን የወረድን ዕለት ነጂው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እየጸለየ ይሁን እየተሳደበ ግን አልጠየቅሁትም።

ባቡሩ ግን ይሄድ ነበር። ሌላው ሁሉ ቆሞ እሱ ይሄድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰው ሐዲዱ ዳር ወጥቶ ይቆማል። የማይሳፈር፣ የሚሸኘውም የሌለው ሰው። አንዲት ጎረቤታችንን "ምን ፈልገሽ ነው በየቀኑ የምትመጪው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ምንም" አለችኝ። "ሲሄድ ልየው ብዬ ነው።"

መንግሥት የወደቀ ዕለት ሬዲዮው ከንጋት ጀምሮ ሙዚቃ ብቻ ያሰማ ነበር። ማን ሄዶ ማን እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ጣቢያው ግን ወደየቤቱ ለመግባት በቸኮለ ሰው ሞልቷል፤ የማዶ አገዳ ቆራጮች፣ አዋላጅ ነርስ፣ የገዛውን የእንጨት በር ተሸክሞ የመጣ ሽማግሌ። ጋሼ ወደ ማዶ ደወሉ።

"ምን ይሻላል?"

"እዚህ ሰላም ነው" አለ የማዶው ሹም። "ላከው።"

ላኩት። እኔም ተሳፈርኩ። እኛ ኮረብታውን ዞረን ከዓይን ስንሰወር ወታደር የጫኑ መኪናዎች ጣቢያው ግቢ ደረሱ። በዚያው ሰዓት ማዶም ወታደሮች ድንበሩን ሊዘጉ መጥተው ሐዲዱ ላይ ግንድ አጋደሙበት። የስልኩ ሽቦም ተቆረጠ። እኛ ይህን ሁሉ ሳናውቅ ድልድዩ መሐል ስንደርስ ነጂው ግንዱንና የተደገነውን ጠመንጃ አየ። አቆመ። ወደ ኋላ ልመለስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ከኋላችን ወደ ሰማይ ተተኮሰ። እዚያው ቆምን። ከፊት አትግቡ፣ ከኋላ አትመለሱ።

ነጂው ናፍጣውን ለመቆጠብ ሞተሩን አጠፋ። ያን ጊዜ ገደሉን ሰማሁት። ያ ሁሉ ጊዜ ስመላለስበት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ነፋሱ በብረቶቹ መሐል ሲያልፍ፣ ወንዙ ከሥር ከሩቅ ሲያጉረመርም፣ ፉርጎው ሲንቋቋ። ሁላችንም ሹክሹክታ ጀመርን፤ ጮክ ብለን ብናወራ የምንወድቅ ይመስል። አዋላጇ "ሁላችሁም ወደ አንድ ወገን አትሂዱ" እያለች ሰዉን አከፋፍላ አስቀመጠች። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ፉርጎው እንደ ምድጃ ጋለ። የያዝነው ውሃም አለቀ።

ጣቢያው ውስጥ የሆነውን ከእትዬ ነው የሰማሁት። የወታደሮቹ አዛዥ መቶ አለቃ ጋሼ ቢሮ ገብቶ "የወጣ ወጥቷል፤ አይመለስም" አላቸው።

"ሰዎቹ እኮ የእናንተው ሰዎች ናቸው።"

"ትዕዛዝ ነው።"

"የማን?"

የመቶ አለቃውም ሬዲዮ ሙዚቃ ብቻ ነበር የሚያሰማው።

ጋሼ ተነሱ። እትዬ ምሳቸውን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች።

"የት ልትሄድ ነው?"

"ልጆቹ ጋ።"

"በምን?"

"በእግሬ።"

እትዬ ሳቀች። ከዚያ ፊታቸውን አየችና ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

"የላክኋቸው እኔ ነኝ" አሏት።

ድልድዩ አፍ ላይ ከቆሙት ወታደሮች አንዱ የከተማችን ልጅ ነበር። ለመቶ አለቃው "ይተዉአቸው፣ ጌታዬ" አለው። "እኚህ ሰው ድልድይ ይፈራሉ። አምስት እርምጃ አይሄዱም፣ ተመልሰው ይመጣሉ።" መቶ አለቃውም ፈገግ ብሎ መንገዱን ለቀቀ። ፍርሃታቸው ባይታወቅ ኖሮ አያሳልፏቸውም ነበር።

እኔ በመጨረሻው ፉርጎ መስኮት ነው ያየኋቸው። መጀመሪያ ሰው አልመሰሉኝም፤ በእጃቸውና በጉልበታቸው ይድሁ ስለነበር እንስሳ መስሎኝ ነበር። የወታደሮቹ ሳቅ እኛ ድረስ ይሰማል።

"ጋሼ ናቸው" አለ ከሎኮሞቲቩ ወደ ኋላ መጥቶ አጠገቤ የቆመው ነጂ።

"አይደሉም" አልኩት። "ጋሼ ሊሆኑ አይችሉም።"

መጡ፣ መጡ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ግንባራቸውን መረማመጃዋ ላይ ደፍተው ብዙ ቆዩ። አሁን ይመለሳሉ ብዬ ስጠብቅ ሽቦውን ጨብጠው ተነሱ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ነፋሱ ሸሚዛቸውን እንደ ሸራ ነፋው። አንድ እግራቸውን አነሱና አስቀመጡ። ሌላውን አነሱ። የወታደሮቹ ሳቅ በዚያ መሐል የት እንደጠፋ አላውቅም። ፉርጎው ውስጥ ሽማግሌው ያንን ሁሉ ሰዓት አቅፎት የቆየውን በር ለቆ፣ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ሽቦው የተበጠሰበት ቦታ ሲደርሱ እጃቸውን በአየር ላይ ዘርግተው፣ ምንም ሳይዙ አለፉ። በሕይወቴ ብዙ ጎበዝ ሰው አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ግን ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

ነጂው እጃቸውን ይዞ ጎትቶ አስገባቸው። ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጉልበታቸው ደምቷል፣ ሸሚዛቸው ከወንዝ የወጣ ይመስላል። ወደ ነጂው ቀና ብለው፣

"ፍሬኑን አጥብቀህ ይዘኸዋል?" አሉ።

"ይዤዋለሁ ጋሼ።"

"ደግ።" ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞሩ። "እናንተን ሳላወርድ አልመለስም። ልመለስ ብልም የምችል አይመስለኝም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘውም። ድልድዩ አፍ ላይ የተሰበሰበው የከተማችን ሰው ጋሼን ሲሻገሩ አይቷል። እትዬ ውሃ የሞላ ጀሪካን አነሳችና መረማመጃዋ ላይ ወጣች። መቶ አለቃው "ወዴት ነው?" ቢላት፣ "ቀስበሉ ከተራመደ እኔ ምን ሰበብ አለኝ?" አለችው። ከኋላዋ ዳቦ ጋጋሪው ወጣ። ከእሱ ኋላ ባቡሩን ለማየት የምትመጣው ጎረቤታችን። ከዚያ መቁጠር አይቻልም። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ፤ ማን ላይ ይተኩሳሉ?

የማዶው ሹምም ከዚያኛው ጫፍ ሲያይ ቆይቶ ኖሯል። ግንዱን የሚጠብቀውን አሥር አለቃ "ያ እየተራመደ የመጣው ሰውዬ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለው። መልሱንም ሳይጠብቅ ግንዱን ተሻግሮ መጣ። ከኋላው ትልቅ ትንሽ ሳይል የማዶ ሰው ተከተለው፤ የጋሼም ልጅ፣ ሕፃኗን አዝላ፣ ከመሐላቸው ነበረች።

በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ከወዲህም ከማዶም፣ ያቺ ጠባብ መረማመጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰው ተሞልታለች። ልብሳቸው በነፋስ ይርገበገባል። ጀሪካኑ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ዳቦው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ከሥራቸው ያ ሁሉ ባዶ ነገር ተዘርግቷል። የሚጮህ የለም። "ያዝሽው?" "ይዤዋለሁ።" "ያዝከው?" "ይዤዋለሁ።" ይህ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ ከወዲህ እስከ ማዶ። እኔ ውሃዬን ተቀብዬ መጠጣት ረስቼ ቆሜያለሁ።

የማዶው ሹም መስኮቱ ሥር ደረሰ። "መጣህ?" አለ።

"መጣሁ" አሉ ጋሼ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አሥር አለቃው ራሱ በእግሩ መጣ። ወጣት ነው፣ ጢሙ ገና ነው። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። መረማመጃዋ ላይ ከቆሙት ሴቶች አንዷ የገዛ አክስቱ እንደነበረች በኋላ ሰማን።

"አባት፣ ባስገባችሁ ማን ነው የሚጠየቀው?"

"እኔ።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"የባቡሩ ኃላፊ።"

"የየትኛው መንግሥት?"

"እሱን ስታውቅ ለእኔም ንገረኝ" አሉት ጋሼ።

አሥር አለቃው ሳይወድ ሳቀ። ተመልሶ ሄዶ ከወታደሮቹ ጋር ግንዱን ጎትቶ አነሳው። ነጂው ሞተሩን አስነሳ። መረማመጃዋ ላይ ያለው ሰው የፉርጎዎቹን እጀታ ይዞ ከጎናችን እየተራመደ፣ ባቡሩ በሰው እርምጃ ልክ ማዶ ገባ።

ያን ማታ ጋሼ የልጃቸውን ቤት አዩ። እየዞሩ ግድግዳውን በእጃቸው ነካኩት። "መስኮቱ ትንሽ ጠበብ ይላል" አሉ፤ ከዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው ነገሩ ረገብ ሲል ድንበሩ ተከፈተ። ሁላችንም በባቡር ወደ ቤታችን ተመለስን፣ ከጋሼ በቀር። አንድ እግራቸውን ፉርጎው ደረጃ ላይ አሳረፉና መልሰው አወረዱት። "ነገ" አሉ። በነገታውም "ነገ" አሉ። ያ መሻገር ያላቸውን ድፍረት ሁሉ ጨርሶት ኖሯል። እትዬ ስትመላለስ ሰንብታ በመጨረሻ አልጋውን፣ ቁምሳጥኑንና ድስቶቿን ፉርጎ ላይ አስጭና ተሻገረች። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል" አለችኝ። "ይኸው ማዶን ወረሰው።"

መስመሩን ከዚያ ሆነው አስተዳደሩት። ጠረጴዛቸው ከማዶው ሹም ጠረጴዛ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። የእኛን ጣቢያ ለእኔ ሰጡኝ። አዲሱ መንግሥታችን ጋሼን የሚቀጥራቸው ማዶ ነው ብሎ አሰበ፤ የማዶውም መንግሥት የእኛው መንግሥት ነው ብሎ አሰበ። ስለዚህ ማንም አልከፈላቸው፣ ማንም አላባረራቸው። ገንዘብ ገንዘብ እስኪሆን ድረስም በሽንኩርት መሳፈሩ ቀጠለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን "ያን ቀን ምን አዩ?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ምንም። ብረቷን ብቻ። ከዚያ አንድ ቦታ ተበልታ ቀዳዳ ነበራት። በቀዳዳው አሞራ አየሁ፤ ከበታቼ ይበራል። የአሞራ ጀርባ አይቼ አላውቅም ነበር። ፀሐይ አርፎበት ወርቅ ይመስላል። እንዲህም አለ እንዴ አልኩ።"

"ፍርሃቱ ለቀቀዎት ታዲያ?"

"የምን መልቀቅ። አሁን ስነግርሽ እንኳ ጀርባዬን ለድልድዩ ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት።" ፊታቸው ግን አንድ ትልቅ ነገር እንደሚያይ ሰው ፊት ነበር።

ጋሼ የሞቱት ማዶ ነው፣ አልጋቸው ላይ፣ በእርጅና። ከእኛ ከተማ ሽማግሌዎች መጥተው አስከሬናቸውን አገራቸው እንውሰደው ሲሉ እትዬ አልፈቀደችም። "ሰውዬውን ሞቶ እንኳ አታስፈራሩት" አለች። እዚያው፣ ከድልድዩ ራቅ ያለ ቦታ ተቀበሩ። የቀብሩ ዕለት ባቡሩን ከንጋት ጀምሮ እንዲመላለስ አድርጌ ነበር። ግን ባዶውን ነበር የሚሄደው ማለት ይቻላል። የከተማችን ሰው ሽማግሌ ወጣት ሳይል፣ መረማመጃዋ ላይ አንድ በአንድ ተሰልፎ፣ በእግሩ ነበር የተሻገረው።